ከቁስሌ የወጣው ጎዝ

ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ እግሬን አየ፤ አሸተተም። «ከውስጥ እየበሰበሰ ከሆነ ነገ እንቆርጠዋለን» አለ። ከጉልበቴ በታች ማለቱ ነው። የዛሬው ፋሻ ከተቀየረ በኋላ ተመልሶ ሊወስን ሄደ።

ፋሻዬን የምትቀይረውን ነርስ በክፍላችን ፈጣኗ እንላታለን። አንዱን ቁስል በአምስት ደቂቃ ጠርጋ፣ አሽጋ ወደሌላው ታልፋለች። ባለፈው ሳምንት ግን ነርሶቹ ሁሉ የቁስል አያያዝ ሥልጠና ወስደዋል። ከሥልጠናው በፊት ተፈትነው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በሕመምተኛ ላይ ይፈተናሉ። የእሷ ዕጣ እኔ ሆንኩ።

ገምጋሚዋ ወረቀት ይዛ በአልጋዬ ግርጌ ቆመች።

«አባባ፣ ካመመዎት ይንገሩኝ እሺ?» አለች ፈጣኗ። እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

በጎኔ የተኛው ሾፌር ሳቀ። «ፈጣኗ ዛሬ ፍሬን ያዘች!»

«አንተ ዝም በል፤ ተራህ ይደርሳል» አለችው።

ድሮ ቁስሉን ትፈገፍገው ነበር። ዛሬ በጨው ውሃ ቀስ ብላ አጠበችው። ርዝመቱንና ስፋቱን በማስመሪያ ለካች። ከዚያ ጥልቀቱን ለማወቅ ቀጭን ዘንግ ሰደደች። ይህንንም ከዚህ በፊት አድርጋው አታውቅም። ዘንጉ ተረከዜ አጠገብ ከቆዳዬ ሥር ገባ፤ አሁንም ገባ። ጥርሴን ነከስኩ።

አንድ ነገር ያዘው። በመቆንጠጫ ሳበችው። የጠቆረ፣ የበሰበሰ ጎዝ ወጣ፤ ቁስል ውስጥ የሚጠቀጠቀው ስስ ጨርቅ።

ገምጋሚዋ ወረቀቷን እየገለበጠች ነበር፤ አላየችም። ሾፌሩ ከሽታው ሸሽቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ያየነው እኔና ፈጣኗ ብቻ ነን።

ጎዙን የከተተችው ራሷ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ስትጠቀጥቅ ቆጥሬያለሁ። በማግስቱ አንድ ብቻ አወጣች። ከእሷ በላይ ላውቅ ነው እንዴ ብዬ ዝም አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ደበቅሁ።

መቆንጠጫው ወደ ቆሻሻው ባልዲ ሄደ። እዚያ ከገባ ሐኪሙ የሚያገኘው ሽታውንና ጉድጓዱን ብቻ ነው፤ እግሬም ነገ የለም። ባልዲው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። አየችኝ። አየኋት። ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ሲስተር» አለች ገምጋሚዋን። «ይሄ ውስጥ ቀርቶ ነበር። የከተትኩት እኔ ነኝ። አልቆጠርኩም።»

የገምጋሚዋ ብዕር ቆመ። «መቼ ነው?»

«ከሥልጠናው በፊት።»

«እንዳትጥዪው። ሐኪሙ ይምጣ።»

ሐኪሙ መጣ። ጎዙን አገላበጠ፤ ዘንጉን ራሱ ሰደደ፤ ተረከዜን ተጫነ። ትንፋሼን ይዤ ፊቱን አየሁ።

«አጥንቱ አልተነካም» አለ። «ያበሰበሰው ይሄ ጨርቅ ነው። በየቀኑ ይታጠብ። የነገው ቢላ ቀርቷል።» ፈጣኗን አንዴ አያትና ወጣ።

«ወደቅኩ አይደል?» አለች ገምጋሚዋን።

«የድሮው ጥፋት በሌላ ወረቀት ይጻፋል፤ ትጠየቂበታለሽ። የዛሬው ፈተና ግን አላለቀም። የሰውዬው ቁስል ክፍት ነው፤ ቀጥዪ።»

ጓንቷን ቀየረች። አንድ ጎዝ አስገባች፤ ጫፉን ውጭ ተወችው።

«አንድ» አለች ጮክ ብላ።

«አንድ» አልኩ እኔም።