የቤቭ ማንቆርቆሪያ

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሕፃናት ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለው ብስኩት ሲያደቅቁ ነው። ማርጆሪ ኤንትዊስል ፖስታውን ቀደደችው፤ ቆማ አነበበችው፤ አጥፋ ከዳቦው ሣጥን ኋላ ሸጎጠችው። ሌላ ሰው ቢሆን ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር። እሷ የትንሿን የኖራን አፍንጫ ጠረገችና ፍርፋሪ ማንሳት ጀመረች።

የደብዳቤው ነገር አጭር ነው። ማርጆሪ በርንሊ ከተማ ውስጥ፣ በገዛ ቤቷ፣ የሰው ሕፃናት የምታውል ሴት ናት። ረዳቷ ቤቭ ፒከፕ የጡት ካንሰር ይዟት ከሥራ ከቀረች አሥራ አንድ ሳምንት ሆኗታል። አሁን ለተቀጣሪ የሚሰጠው የሕመም ፈቃድ ክፍያ ይገባኛል ብላ አመልክታለች። እንግዲህ ጥያቄው፣ ቤቭ የማርጆሪ ተቀጣሪ ነበረች ወይስ የራሷን ሥራ የምትሠራ ሰው፣ የሚል ነው፤ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሰው ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ደውሎ ይጠይቃታል። ተቀጣሪዬ ናት ካለች የአራት ዓመት ያልተከፈለ ግብርና መዋጮ እሷው ላይ ይወድቃል፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ ላስጠግንበት ብላ ያስቀመጠችው ሁሉ ይሄዳል። አይደለችም ካለች ደግሞ ቤቭ ባዶ እጇን ትቀራለች። መካከለኛ መንገድ የለውም።

ይህ ሁሉ ገብቷታል። ግን አልተሰማትም። ባሏ ኬን ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ ወደ ማርጆሪ የሚደርሰው በወፍራም ጓንት በኩል ነው። ባለፈው የገና ሰሞን የጋለ የድስት እጀታ በባዶ እጇ ጨብጣ ስትቆም የጮኸችው ቤቭ ናት። "አንቺ ሴት፣ እጅሽ እኮ ነው!" ብላ ጎትታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችላት። ማርጆሪ መዳፏ ሲያብጥ ዓይኗን ተክላ አየችው፤ አመመኝ አላለችም።

ነገሩ የተበላሸው ከመጀመሪያው ነበር። የበርንሊ ልጅ አዋዮች በየወሩ ሕፃናቱን በጋሪ እየገፉ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ ሕግ ይተረጉማሉ። ማርጆሪ ረዳት ሊያስፈልጋት ነው ሲባል ከመካከላቸው አንዲት ሁሉን አወቅ ጠጋ አለቻት።

"መቅጠር ጣጣው ብዙ ነው። በግሏ ትሥራ፣ በወር በወር ሒሳብ ታቅርብልሽ፣ ግብሯን ራሷ ትወጣው። ዋናው ነገር የራሷን ዕቃ ይዛ ትምጣ። መዶሻውን ይዞ የሚመጣ አናጢ ተቀጣሪ ይባላል እንዴ?"

ማርጆሪም ይህንኑ ለቤቭ ነገረቻት።

"ምን ዕቃ አለኝ?" አለች ቤቭ። "ያለኝ ሁለት እጅና አንድ ሰፊ ጭን ነው።"

"የሆነ ነገር አምጪ። ዕቃ ዕቃ የሚል።"

በማግስቱ ቤቭ ቀይ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ በብብቷ ይዛ ከች አለች። ሥሩ ላይ ስሟን በፕላስተር ለጥፋበታለች። ከማርጆሪ ነጭ ማንቆርቆሪያ ጎን አስቀመጠችውና ማርጆሪ የጻፈችውን ውል አንስታ ጮክ ብላ አነበበች።

"'ረዳቷ በፈለገችው ሰዓት ገብታ በፈለገችው ሰዓት ትወጣለች።' ኧረ? ነገ አራት ሰዓት ልምጣ?"

"አንድ ሰዓት ተኩል ነው የምትመጪው።"

"በቃ፣ እኔም አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እፈልጋለሁ" ብላ ፈረመች።

ውሉ በተቀመጠበት መሳቢያ ውስጥ ሌላ ማኅደር አለ፤ ይህኛው ለሕፃናት ማዋያ ተቆጣጣሪዎች የሚታይ ነው። እሱ ላይ ማርጆሪ በዚያው እጅ ጽሑፏ፣ "ረዳቷ ዘወትር በእኔ ቁጥጥር ሥር ትሠራለች፤ ሥራዋን የምመድበው እኔ ነኝ፤ ያሠለጠንኳትም እኔ ነኝ" ብላለች። ተቆጣጣሪዋ አንብባ አመስግናታለች። እንዲህ ሆነና ቤቭ ለአንዱ መሥሪያ ቤት ያለ ማርጆሪ ፈቃድ ዳይፐር የማትቀይር ሴት፣ ለሌላው መሥሪያ ቤት የራሷ ድርጅት ያላት ነጋዴ ሆነች። ሁለቱ ወረቀቶች አራት ዓመት ሙሉ ጀርባ ለጀርባ ተኝተው ኖሩ። ማርጆሪ ተንኮል አስባ አይደለም፤ ሰው የነገራትን አደረገች። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ረቡዕ ዕለት ሕፃናቱ ተወስደው እንዳለቁ የቤቭ ባል ቴሪ መጣ። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የደንብ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። ግባ ብትለው ከደጃፉ አላልፍም አለ።

"ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ" አለ። "ፈርሚ ስላት ፈረመች እንጂ እሷስ አልፈለገችም። የምትናደጂ ከሆነ በኔ ተናደጂ።"

"አልተናደድኩም።"

"ተናደጂ እንጂ፣ ማርጅ። እሱ ይሻለኝ ነበር።"

"እንዴት ናት?"

"ፀጉሯ ረግፎ አለቀ። ትናንት ሾርባ ጠጣች፤ ወዲያው መለሰችው።" የጫማውን አፍንጫ አየ። "መልእክት ልካኛለች። 'ማርጅ ጣሪያዋን እንዳታጣ፣ የኬንን ጊዜ ትንገራቸው' ብላለች። 'ያኔ አለቃዋ እኔ ነበርኩ፤ ይህን ከሰሙ ይተዋታል' ትላለች። ምን ማለቷ እንደሆነ እኔ አልገባኝም።"

ማርጆሪ ግን ገብቷታል።

ኬን በተቀበረ በማግስቱ ቤቭ እንደ ወትሮዋ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። ማርጆሪን ከአልጋ አንስታ፣ የለበሰችውን ሹራብ አውልቃ ሌላ አልብሳ፣ ወጥ ቤቱ ጥግ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ስድስት ሳምንት እንዲህ ነበር የኖሩት። ምን እንደሚበላ፣ ማን መቼ እንደሚተኛ፣ ለየትኛዋ እናት ምን እንደሚነገር የምትወስነው ቤቭ ብቻ ነበረች። ማርጆሪን ራሷን ሳይቀር ታዝዛት ነበር። "ማርጅ፣ ይህንን ድንች ላጪ።" "ማርጅ፣ ይህችን ልጅ ያዢልኝ፣ እንዳትጥያት።" ማርጆሪ ትልጣለች፤ ትይዛለች። ከዚያ ሁሉ ቀን አንድም ሰው "አይዞሽ" ያላት ነገር ትዝ አይላትም፤ የሚታወሳት የድንች ልጣጩ ነው። በወሩ መጨረሻ ቤቭ ያቀረበችው ሒሳብ የረዳት ሒሳብ ብቻ ነበር።

በእውነት ከሆነ እንግዲህ ቤቭ አልዋሸችም። በዚያ ስድስት ሳምንት የቤቱ አለቃ እሷ ነበረች። ማርጆሪን ሊያድን የሚችለው አንድ እውነት እሱ ነው፤ እሱንም የሰጠቻት የምትጎዳበት ሴት ራሷ ናት።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ሦስቱም ሕፃናት ተኝተው ነበር። የደወለው ሰው ጋሬዝ እባላለሁ አለ። ትሑት ነው፤ ጥያቄዎቹን ከፊቱ ካለ ዝርዝር እንደሚያነብ ያስታውቃል።

"ወይዘሮ ኤንትዊስል፣ የሥራ ሰዓቷን የሚወስነው ማን ነበር?"

ውሉ እጇ ላይ ነው። "በፈለገችው ሰዓት" የሚለው መስመር ላይ ጣቷን አሳርፋለች። የሚጠበቅባት ማንበብ ብቻ ነበር።

"እኔ" አለች።

ለምን እንዲህ እንዳለች ብትጠየቅ መልስ የላትም። ደግ ልሁን ብላም አይደለም። ለመዋሸት ጉልበት ያስፈልጋል፤ ያን ጉልበት ካጣችው ቆይቷል።

"የምትሠራውንስ ሥራ?"

"እኔ ነኝ የምነግራት። ምን እንደሚበሉ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ መናፈሻ መቼ እንደምንሄድ።"

"የራሷ የሥራ መሣሪያ ነበራት?"

"ማንቆርቆሪያ።"

"ይቅርታ፣ ማንቆርቆሪያ ነው ያሉኝ?"

"ቀይ ነው።"

"ለሕፃናቱ የሚውል?"

"ለኛ ሻይ። የኔው ከተቃጠለ ዓመት ሆነው፤ አሁን በሷ ነው የማፈላው።"

የኮምፒውተሩ ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማት። ምን ብሎ እንደጻፈው እግዜር ይወቀው።

"መምጣት ባትችል በምትኳ ሌላ ሰው መላክ ትችል ነበር?"

"እንዴት ተደርጎ? እዚህ ቤት ፖሊስ ያላጣራው ሰው ልጅ አይነካም። እሷ ካልመጣች ለወላጆቹ ደውዬ ልጆቹን መመለስ ነው። አሁንም ከነዚህ ሌላ ሦስት ልጆች መልሻለሁ።"

"አመሰግናለሁ። አንድ ብቻ ይቀረኛል፤ ውሳኔውን ሊለውጥ ስለሚችል ረጋ ብለው ያስቡበት። ወይዘሮ ፒከፕ ሥራውን ያለ እርስዎ ትእዛዝ፣ በራሷ ውሳኔ ያካሄደችበት ጊዜ ነበር? ጥቂት ሳምንታትም ቢሆን?"

ማርጆሪ የጥጉን ወንበር አየችው። ማንም አልተቀመጠበትም፤ የኖራ ካፖርት ተንጠልጥሎበታል። ይህኛው እንኳ ውሸት አያስፈልገውም ነበር። አዎ ማለት ብቻ፤ ቤቭ ራሷም ፈቅዳለች። ግን ያ ስድስት ሳምንት ሥራ አልነበረም። ቤቭ ሹራቧን ስታወልቅላት እጇን ወደ ላይ አንሺ ያለቻት እንደ ነጋዴ አይደለም። ይህ ነገር በየትኛውም መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ እንዲሰፍር አልፈቀደችም።

"አንድም ቀን" አለች።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አለቃዋ እኔ ነኝ። አራቱንም ዓመት፣ በየቀኑ።"

ጉልበቱ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ድምፅዋ ግን ጠንክሮ ስለወጣ ኖራ ከእንቅልፏ ባነነች።

ውሳኔው በሦስተኛው ሳምንት ለሁለቱም በአንድ ቀን ደረሳቸው። ቤቭ ተቀጣሪ ነበረች፤ የሕመም ፈቃዷ ይከፈላታል። ማርጆሪ ያስቀመጠችው ገንዘብ ለእዳው ሊበቃ ጥቂት ጎደለው፤ የቀረውን በየወሩ እንድትከፍል ፈቀዱላት። ደብዳቤውን ከፊተኛው ጋር ከዳቦው ሣጥን ኋላ አደረገችው። ስልኩ የጮኸው ኖራ ወደ ቤቷ ሄዳ እሷ ወለሉን እየጠረገች ሳለ ነው።

"እዚህ 'አንድም ቀን' ይላል" አለች ቤቭ። ድምፅዋ ቀጥኗል።

"ይላል።"

"ድንቹን ማን ነበር ያስላጠሽ?"

"ትዝ አይለኝም።"

"ውሸታም።" ቤቭ ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳል ሆነባት፤ ማርጆሪ እስኪያልፍላት ጠበቀቻት። "ጣሪያውስ?"

"ባልዲ አለኝ።"

"ማርጅ፣ እኔ እኮ የኬንን ጊዜ እንድትነግሪያቸው ልኬልሽ ነበር።"

"ደርሶኛል።"

ከቤቭ በኩል ቴሪ ዕቃ ሲያጥብ ይሰማል።

"እሺ፣ ከእንግዲህ ተቀጣሪ ነኝ" አለች ቤቭ በመጨረሻ። "ዕቃ ማምጣት የለብኝም። ቴሪ ነገ በዚያ ያልፋል፤ ማንቆርቆሪያውን ስጪው።"

"አልሰጥም።"

"የኔ እኮ ነው። ስሜ አለበት።"

"አውቃለሁ። አሠሪሽ ነኝ፤ ይቀመጥ ብዬሻለሁ። ራስሽ መጥተሽ ታፈይበታለሽ።"

"መቼ?" አለች ቤቭ። የምትቀልድ አትመስልም ነበር።

ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ ቴሪ ለማርጆሪ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። የምታውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው።

"አንድ ሰዓት ተኩል ነው የምትመጪው።"

"በቃ" አለች ቤቭ ቀስ ብላ፣ "እኔም አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እፈልጋለሁ።"

ማርጆሪ ስልኩን ዘጋች። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሚመዘገብበትን ደብተር ገለጠች። የቤቭ ረድፍ ከታመመችበት ቀን ጀምሮ ባዶ ነው፤ በግሉ የሚሠራ ሰው ቀረ ተብሎ አይጻፍበትም። ወደ ኋላ ተመልሳ ከመጀመሪያው ባዶ ቀን ጀምራ አንድ በአንድ "ሕመም ፈቃድ" እያለች ሞላችው። ሲያልቅ ተነስታ በቀዩ ማንቆርቆሪያ ውሃ ጣደች። ውሃው እስኪፈላ መዳፏን ጎኑ ላይ አሳርፋ ቆመች። ሲያቃጥላት አነሳችው።