ወደ አስፋልቱ በየት በኩል ነው?

ብራንሰን መጋዙን የቅጠል ክምር ላይ ወርውሮ ወደ ጫካው ሲገባ፣ የቡድኑ አለቃ ዌንደል የሱሪውን ማንጠልጠያ ትከሻው ላይ አስተካክሎ ተከተለው።

"የት ልትሄድ ነው?" አለው፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ።

"ቤቴ!"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ!"

ቦታው የሜኖናይት ክርስቲያኖች ችግር ውስጥ ለገቡ ልጆች ጫካ መሀል ያቋቋሙት ካምፕ ነው። የካምፑ ደንብ ግልጽ ነው። ልጅ ሲጠፋ አይያዝም፣ አይቀደምም፣ አይጮኽበትም። አለቃው ከዓይኑ ሳያርቅ ከኋላ ከኋላው ይሄዳል፤ ልጁ ሲደክመው ይቀመጣል፤ ከዚያ ይነጋገራሉ። ደንቡን ያወጡት ሽማግሌዎች የረሱት ነገር ቢኖር፣ የቀሩት ዘጠኝ ልጆች ምን ይሁኑ የሚለውን ነው። ዘጠኙ ደግሞ ብቻቸውን አይተዉም። አንድ ጊዜ ዌንደል ውኃ ሊቀዳ ሄዶ እስኪመለስ የካምፑን ፍየል ጸሎት ቤቱ ጣሪያ ላይ አውጥተዋት ነበር።

ስለዚህ ዞር ብሎ፣ "ተነሡ፤ እንሄዳለን" አለ።

"የት?" አለ ማርኬል፣ በሚሠሩት ጎጆ ወጋግራ ላይ እንደ ተፈናጠጠ። ከቡድኑ ሁሉ ምላሱ የሚፈጥን እሱ ነው።

"ብራንሰን እየጠፋ ነው።"

"ታዲያ እሱ ሲጠፋ እኛ ምን አገባን? እኔ ባለፈው ስጠፋ ማንንም አላስቸገርኩም።"

"ጉድጓድ ውስጥ ወድቀህ በገመድ አይደል እንዴ የጎተትንህ?" አለ ትሪፕ። ትሪፕ ከሁሉም ያንሳል፤ ከሁሉም በላይ ይበላል።

"መሣሪያዎቹን ያዙ። ጫካ ውስጥ አይጣሉም" አለ ዌንደል።

ሰልፉ እንዲህ ተጀመረ። ፊት ፊት አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጁን እያወናጨፈ ይሄዳል፤ ከኋላው ዌንደል፤ ከዌንደል ኋላ ዘጠኝ ልጆች መጥረቢያና መጋዝ ተሸክመው። የማያውቃቸው ሰው ቢያይ፣ ይኼ ልጅ ምን ቢሰርቃቸው ነው ብሎ ይደነግጥ ነበር።

ብራንሰን የሚጠፋበት ምክንያት ነበረው። ጠዋት የካምፑ ኃላፊ ወንድም ማርሊን ጠርተውት እናቱ እንደ ደወለች ነገሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ ሁሉ ለጥቂት ቀን ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ የብራንሰን እናት ግን በዚህ ዙር ቦታ የለኝም ብላለች። ብራንሰን "እሺ" አለ፣ ቁርሱን በላ፣ አንድ ግንድ ቆረጠ፣ ሁለተኛውን ጀመረ፤ ከዚያ መጋዙን ወረወረ።

ዌንደልን ያስጨነቀው አስፋልቱ ነው። የካምፑ መሬት እዚያ ያበቃል። ልጅ አስፋልት ከረገጠ፣ ዌንደል ኪሱ ውስጥ ያለችውን ታጣፊ ስልክ አውጥቶ ለአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ለሸሪፉ መደወል አለበት። ብራንሰን ደግሞ በዳኛ ትእዛዝ የመጣ ልጅ ነው፤ ሸሪፉ ከወሰደው ወደ ካምፑ አይመለስም፤ የሚሄደው በሩ ከውጭ ወደሚቆለፍ ቤት ነው። ዌንደል በጸደይ ወራት ስለ ሌላ ልጅ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር። ልጁ ከሸሪፉ መኪና የኋላ መስኮት እጁን አውለብልቦ ተሰናበተው። ቢሰድበው ይሻል ነበር።

"አለቃ፣ ራበኝ" አለ ትሪፕ።

"ሁላችንንም ርቦናል።"

"ብራንሰን! አንተስ አልራበህም?"

"አልራበኝም!"

"ይዋሻል" አለ ማርኬል። "ሆዱ ሲጮኽ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።"

"ዝም በሉ!" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። ብራንሰን እንኳ ቆመ። ትሪፕ ቆቡን አወለቀ።

"ጌታ ሆይ" አለ ማርኬል ቀና ብሎ፣ "ፍየሏን ያወጣኋት እኔ ብቻ አይደለሁም።"

"ገና ሳይነጋ እዚህ ዛፍ ላይ ወጥቼ አጋዘን እጠብቃለሁ፤ እናንተ የአገሩን አጋዘን ሁሉ አባረራችሁት!" ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ሽማግሌ ቀስታቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ከቅርንጫፎቹ መሀል ቁልቁል አፈጠጡባቸው።

ዌንደል ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። "ይቅርታ ያድርጉልን ጌታዬ። ልጅ እየጠፋብን ነው።"

"የቱ ነው የሚጠፋው?"

"ያ ፊት ያለው።"

ሽማግሌው ብራንሰንን አዩት። መጥረቢያ የተሸከሙትን ዘጠኙንም አንድ በአንድ አዩ። "እኔም ብሆን እጠፋ ነበር" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ብራንሰን መንገዱን ቀጠለ። እነሱም ቀጠሉ።

ከቀትር በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የግራው በአሮጌው የትምባሆ ማድረቂያ በኩል ዞሮ ከካምፑ ኩሽና ጀርባ ይወጣል። የቀኙ ቁልቁል ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይጥላል። ይህን ዌንደል ያውቃል፤ ቆየት ያሉት ልጆችም ያውቃሉ። ብራንሰን ግን ገና አዲስ ነው፤ በዚህ በኩል አልፎ አያውቅም።

ማርኬል ትሪፕን ጠቀሰው። ትሪፕ አፉን በመዳፉ ያዘ።

ብራንሰን ዞር አለ። "አለቃ።"

"አቤት።"

"እናንተ ሜኖናይቶች አትዋሹም አይደል?"

"እንዳንዋሽ እንሞክራለን።"

"ወደ አስፋልቱ በየት በኩል ነው?"

ዌንደል መልስ ባይሰጥ የሚጠይቀው አልነበረም። ደንቡ ልጁን ተከተል እንጂ መንገድ አሳየው አይልም። ግን ዌንደል ያደገው አባቱ ላም ሲሸጡ እያየ ነው። ገዢ ሲመጣ አባቱ ገና ዋጋ ሳይጠሩ፣ "ይቺ ላም ትራገጣለች፤ አንዱ ጡቷም ደካማ ነው" ብለው ይጀምሩ ነበር። ዌንደል ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ከሰው ጋር ገበያ እስኪወጣ ድረስ፣ ላም የሚሸጥ ሁሉ እንዲህ የሚል ይመስለው ነበር። ደግሞም ልጁ ዓይን ዓይኑን እያየ ነው የጠየቀው።

"በቀኝ ነው" አለ።

"አለቃ!" ማርኬል ጭንቅላቱን ይዞ ቁጢጥ አለ። "ምን ነካህ? ዝም ብትል ምን ነበረበት? ዝም ማለት በነጻ ነው እኮ!"

"ጠየቀኝ" አለ ዌንደል። እጁ ኪሱ ገብታ ስልኳን ጨብጣለች።

ብራንሰን ቀኙን አየ፣ ግራውን አየ፤ ከዚያ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ ገና መሳቁ ነው።

"ጎበዝ ነህ አለቃ፤ ግን እኔ አልሸወድም። ለሚጠፋ ልጅ መንገድ የሚያሳይ አለቃ የት አገር አለ? አባቴ ባትሪ ገዝቼ መጣሁ ብሎኝ ነው የወጣው። ሰባት ዓመቴ ነበር። እስካሁን ባትሪ እየገዛ ነው።"

በግራ ሄደ።

"ብራንሰን" አለ ዌንደል እየተከተለው፣ "ይኼ ወደ ካምፑ ነው የሚመልስህ።"

"እሺ አለቃ።"

"የእውነቴን ነው።"

"እሺ አለቃ።"

ማርኬል ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ የሆነው ነገር ሲገባው ፊቱ በራ። "ብራንሰን፣ በእናትህ፣ በቀኝ ሂድ!" እያለ እንደ አልቃሽ ደረቱን ይደቃ ጀመር። "የቀኙ ነው! እኔ ልሙትልህ የቀኙ ነው!"

"አየህ?" አለ ብራንሰን። "ሁላችሁም ተማክራችኋል።"

ዌንደል ወደ ማርኬል ዞሮ፣ "አንተ እባክህ እውነት አትናገር፤ አፍህ ውስጥ ይበላሻል" አለው።

ልጆቹ መጥረቢያ እስኪያስጥላቸው ሳቁ። ዌንደል ግን አልሳቀም። ልጁ ስላላመነው ደስ ብሎታል፤ ደስ ስላለው ደግሞ አፍሯል። የትምባሆው ማድረቂያ ጋ ሲደርሱ ለሦስተኛ ጊዜ ነገረው። የብራንሰን እርምጃ ቀስ እያለ መጣ፤ ዌንደልም ሳያስበው አጠገቡ ደረሰ።

"ክፍሌ ውስጥ ውሻ አለ" አለ ብራንሰን፣ ፊቱን ሳያዞር።

"የማን ውሻ?"

"የእናቴ ወዳጅ ውሻ። ቦታ የለም ያለችው ለዚያ ነው።"

ወንድም ማርሊን ቢሆኑ ጥሩ ነገር ይሉ ነበር፤ ጥቅስም ያውቃሉ። "ምን ዓይነት ውሻ ነው?" አለ ዌንደል፤ ወዲያው ምላሱን ቢነክስ ወደደ።

"ትልቅ።" ብራንሰን አንድ ጠጠር በጫማው መታ። "ጥሩ ውሻ ነው። እሱ ምን ያድርግ።"

"አልጋህ ላይ ነው የሚተኛው?"

"መሬት እንዲተኛ አስለምጄው ነበር። አሁን ማን ይቆጣዋል?"

"ቤት ስትደርስ ምን ልትላት ነው?"

ብራንሰን እርምጃውን አፈጠነ። "አታናግረኝ" አለ። "እየጠፋሁ ነው።"

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የተጠበሰ ዶሮ ሽታ መጣ። ትሪፕ እንደ አደን ውሻ አፍንጫውን አነሣ፤ ማርኬል ክርኑን ይዞ አስቆመው።

"ሸተታችሁ?" አለ ብራንሰን፣ ደስ ብሎት። "ሰዎች አሉ ማለት ነው። ስልክ እለምናቸዋለሁ።" ቁጥቋጦውን ገለጥ አደረገ። ከአንድ የእንጨት ቤት ጀርባ የልብስ ገመድ ተዘርግቷል፤ ሸሚዞችና ሱሪዎች በነፋሱ ይወዛወዛሉ። "ብዙ ልጆች አሏቸው" አለ። ከዚያ አንገቱን አሰገገ። "ያቺ ካልሲ..."

ብራንሰን አንድ እርምጃ ወደ ገመዱ ቀረበ።

"ያቺ ቀይ ካልሲ የኔ ናት።"

የኩሽናው በር ተከፈተና የካምፑ ወጥ ቤት እህት ሎሬታ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። "መጣችሁ? ምሳ ሳትበሉ የት ጠፋችሁ? በሉ እጃችሁን ታጠቡ። መጋዝ ይዞ ኩሽናዬ የሚገባ ግን ወዮለት!" በሩን ዘጉት።

ማርኬል ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የብራንሰንን ፊት አይቶ መልሶ ዘጋው።

"እውነትህን ነበር" አለ ብራንሰን።

"አዎ" አለ ዌንደል።

"የቀኙ ነው አስፋልቱ።"

"አዎ። ነግሬህ ነበር።"

"ለምን ነገርከኝ?"

"ስለጠየቅኸኝ።"

ብራንሰን ይኼን አገላብጦ የሚያይ ይመስል መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ወደመጡበት መንገድ ዞረ። ገና ብርሃን ነበር። አሁን መንገዱን ያውቀዋል፤ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ዌንደልን እንደገና ስልኳ ኪሱ ውስጥ ከበደችው።

"አሁን ተመልሼ ብሄድ ትከተለኛለህ?"

"እከተልሃለሁ።"

"እነሱስ?"

"ብቻቸውን ልተዋቸው አልችልም።"

ትሪፕ ባለበት ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። "እኔ አልሄድም። ሸሪፉ እኔን ይውሰደኝ። እግሬ ተልጧል፤ ዶሮም ሸቶኛል።"

"ወንድሜ ብራንሰን" አለ ማርኬል፣ እጁን እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ዘርግቶ፣ "መጥፋት መብትህ ነው። ማንም አልከለከለህም። ግን ተበልቶ ይጠፋል። ነገ ጥፋ።"

"ነገ እሑድ ነው" አለ ዌንደል። "ጸሎት አለን።"

"ሰኞስ?"

"ሰኞ የልብስ አጠባ ተራችን ነው" አለ አንዱ ልጅ።

"ማክሰኞ ዓሣ ማጥመድ አለ!" አለ ትሪፕ ከመሬት። "ማክሰኞ የሚጠፋ ሰው እኔን አያውቀኝም።"

"ረቡዕ የጎጆው ጣሪያ ይመታል" አለ ማርኬል በጣቱ እየቆጠረ። "ሐሙስ። ሐሙስ ምንም የለንም። ስንቅ እንይዛለን፣ በጠዋት እንነሣለን፣ በቀኝ በኩል እንሄዳለን። በሥነ ሥርዓት እንጥፋ። አለቃ፣ ድምፅ አሰጠን።"

በካምፑ ቡድኑ የሚያደርገው ነገር ሁሉ፣ የሚበላው ምግብም ሆነ የሚቆፈረው የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ሁሉም እጅ ካላወጣ አይሆንም። የአንድ ሰው እጅ ከጎደለ ነገሩ ይቀራል። የጉድጓዱ ቦታ ሲወሰን ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል፤ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሁሉም ተቸግሯል። ዌንደል ስለ መጥፋት ድምፅ ተሰጥቶ እንደሚያውቅ አልሰማም። ወንድም ማርሊን ቢሰሙ ምን እንደሚሉም አላወቀም። ብራንሰን ግን ወደ መንገዱ ማየቱን ትቶ እሱን እያየው ነበር።

"እሺ" አለ ዌንደል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ሐሙስ ብራንሰን ይጥፋ፣ እኛም እንከተለው የምትሉ፣ እጅ አውጡ።"

ዘጠኝ እጅ ወደ ላይ ወጣ። ትሪፕ ቶሎ እንዲያልቅለት ሁለቱንም አውጥቶ ነበር፤ ማርኬል አንዱን አወረደለት።

ዌንደል ቆጠረ። መቁጠሩን ጨርሶ እንደገና ቆጠረ።

"አንተስ?" አለ።

ብራንሰን እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እስከ አንጓቸው ከቷቸው ቆሟል።

"ኧረ ሰውዬ!" አለ ማርኬል። "ያንተ ጉዳይ ነው እኮ! እጅህን አውጣና እንብላ!"

ብራንሰን ትከሻውን ነቀነቀ። "እጄን በርዶኛል" አለ።

ዌንደል ትንሽ ጠበቀ። የብራንሰን እጅ ካለበት አልወጣም።

"አንድ እጅ ጎድሏል" አለ ዌንደል። "አልጸደቀም። መጋዞቹን ውጭ ተዉና ግቡ።"