እንዶዳ ግንብ በንስሐ እንደ ፈረሰ

«ከዚህ በር አንዲት ጠጠር አትወጣም! እስኪ ማን ወንድ ነው የሚነካት!»

ልንገረው ይህን ሲል ሁለት ክንዶቹን እንደ በር መወርወሪያ ዘርግቶ፣ በእንዶዳ ግንብ ቀሪ ቅስት ሥር ቆሞ ነበር፤ በፊቱም ጥርብ ድንጋይ በጀርባቸው ያዘሉ፣ ነጠላቸውን ያደገደጉ ዐሥር ያህል የአገሩ ሰዎች፣ ሸክሙን ሳያወርዱ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ዘመን ሕንፃን ሲያፈርስ በዝናምና በዋርካ ሥር ያፈርሳል፤ ጠላትም ሲያፈርስ በእሳትና በመድፍ ያፈርሳል፤ ለሁለቱም ሰው ያለቅሳል፣ ይረግማል፣ ኋላም ይጽናናል። ነገር ግን ለመጽደቅ ብሎ የሚያፈርስ ትውልድ ሲነሣ ማን ያለቅሳል? ማንንስ ይረግማል? እንዲህ ያለውን ጥፋት ያየ ሰው ልቡናው እንደ ፍም ቢግል፣ አንደበቱም እንደ ምላጭ ቢሰላ አይፈረድበትም።

ይህ ልንገረው ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ጥሎ፣ ቀሪውን ዕውቀት ከጎንደር አስፋልት የለቀመ፣ እንግዳ እያስጎበኘ የሚያድር፣ እግሩ የማያርፍ፣ በነገር የማይሸወድ ጎረምሳ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለመጣው ጎብኚ ሁሉ «የእኔን አገር ግንብ ብታዩ ይህን ትንቁት ነበር» እያለ ሲምል ኖሮ፣ በመጨረሻ ሁለት የቅርስ ባለሙያዎችን ለምኖና ነዝንዞ አሳመነ፤ ሐሙስ ሊመጡ፣ የቆመ ነገር ካገኙም በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሊያስመዘግቡት ቃል ገቡለት። እርሱም አረሙን ልንቀል፣ እሾሁን ልመንጥር ብሎ ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰ። ቢደርስ ግን አዳራሹ ግድግዳ የለው፣ ማማው ደረጃ የለው፤ ስሙ የተረሳው ንጉሥ ካነፀው ሁሉ የቀረው ያ አንድ በር ብቻ ነው፤ እርሱንም በዶማ እየፈነቀሉት ደረሰ።

ድንጋዩ የት እንደ ገባ ለማወቅ ቀና ማለት በቂ ነበር። ከበላይ፣ ጥንታዊው የሚካኤል ደብር ድሮ የነበረውን የእሾህ አጥር ጥሎ ባለ ግርማ ቅጥር ለብሷል። የአገሩ የነፍስ አባት መምሬ ዳኘው ለተናዘዘ ሰው የሚሰጡት ቀኖና አንድ ነው፤ ቍልቍል ወንዝ ወርዶ፣ አርባ ድንጋይ በጀርባ አዝሎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ለቅጥሩ ማስረከብ። ግንቡ ደግሞ ከዳገቱ ወገብ ላይ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ በወንዙ መንገድ ይወርዳል፣ ከቍጥቋጦው ሲሰወር ወደ ግንቡ ይታጠፋል፣ ንጉሥ ያስጠረበውን ነቅሎ፣ እያለከለከ፣ የወንዝ ነው ብሎ ያስረክባል። ሁዳዴ በመጣ ቍጥር ኃጢአቱ ወደ ሰማይ፣ ግንቡም ወደ ደብሩ ሲያርግ ኖረ።

«ኧረ ልንገረው!» አለ አያ ታፈረ፣ በአገሩ ለነገር የሚቀድመው የለም፤ «ከተማው አንቅሮ ሲተፋህ ለድንጋይ ዘበኛ ሆንህ? ንጉሡ ተነሥቶ ‹በሬን ማን ነካ› የሚል መሰለህ?»

«ንጉሡስ አይነሣም። እግዜር ግን ተኝቷል ያለህ ማን ነው? ወንዝ ውረድ ተብለህ ከመንገድ ታነሣለህ! በንስሐህ ላይ ሌላ ኃጢአት አዝለህ ነው ሽቅብ የምትወጣው፣ አያ ታፈረ!»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ መምሬ ዳኘው ጩኸቱን ሰምተው፣ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወርደው ነበርና። ልንገረው ግን ለመስቀላቸው ጎንበስ ብሎ ተሳልሞ፣ ቀና ሲል ቍጣው እንዳለ ነበረ።

«አባቴ፣ የወንዝ ድንጋይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወለዳል? ኖራስ ተለስኖ ከውኃ ይወጣል? ይህን ሁሉ ዘመን እጅዎ የተቀበለውን ዓይንዎ አላየውም?»

«አይቼዋለሁ» አሉ መምሬ፣ ድምፃቸው ሳይናወጥ። «አጥብቄ ብይዝ ለንስሐ ማን ይመጣልኝ ነበር? ሰው ከሚቀርብኝ ግንቡ ይቅር አልሁ።»

«እንግዲያው ኃጢአቱን አላቀለሉላቸውም፤ መንገዱን አሳጠሩላቸው እንጂ!»

ይህ ቃል በሽማግሌው ላይ እንደ በትር አረፈ። ወደ ሕዝቡ ዘወር ብለው፣ «አውርዱ» አሉ፤ «ያዘላችሁትን እዚሁ አውርዱ። ከዛሬ ወዲያ ኖራ የነካው ድንጋይ ከደጀ ሰላሜ አይገባም።» ድንጋዮቹም አንድ በአንድ ከበሩ እግር ሥር ወደቁ፤ ልንገረውም በድል ቍጣ ሰክሮ ሳለ፣ አንዲት ወገቧ የጎበጠ ሴት፣ በገመድ የታሰረ ሸክሟን አዝላ፣ ከኋላው በኩል ስታልፍ አየ።

«አንቺስ? አልሰማሽም? አውርጂ!» ብሎ ሸክሟን ጨምድዶ ያዘ።

እጁ ረጠበ። ድንጋዩ ክብ፣ ለስላሳ፣ አረንጓዴ ሽበት ያበቀለ የወንዝ ድንጋይ ነበረ። ሴቲቱ ቀና አለች፤ ወላጅ እናቱ ወይዘሮ ውባለም ናት። ዘጠኝ ዓመት ያልረገጠውን ደጇን ዛሬም አልፎት፣ በቀጥታ ወደ ግንቡ መምጣቱን ያን ጊዜ ልብ አለ።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ የምን ኃጢአት ኖሮሽ ነው?»

«የእኔ መሰለህ?» አለች፣ ትንፋሿ እየተቈራረጠ። «የሚካኤልን ጧፍ ሰርቀህ አርባ ድንጋይ ሲታዘዝብህ፣ አንዱን እንኳ ሳትነካ በአውቶቡስ የጠፋኸው ማን ነው? ጉልበቴ በዓመት ከአራት ከአምስት አልፈቅድ ብሎኝ ነው እንጂ ድሮ በጨረስሁት።»

መምሬ ዳኘው ዓይናቸውን ወደ ምድር ጣሉ። ልንገረው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ሸክሙን ወደ ራሱ ጀርባ ሊያዞር ገመዱን ሳበ፤ እርሷ ግን እጁን በክርኗ መታችው።

«ተው፣ አትንካኝ! ስትጮኽባቸው ከታች ጀምሮ ሰምቼሃለሁ፤ እውነትህን ነው፣ ደግ አደረግህ። ነገር ግን ይህንንም ስማ፤ ግንብን ድንጋዩን የወሰደ ብቻ አላፈረሰውም፤ ትቶት የሄደም አፍርሶታል።»