ድምፅዋን የጫነች መኪና

ሹፌሩ መኪናዋን ከኃላፊው ግቢ በር ፊት ለፊት አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ድምፁን ግን አላጠፋም። ከጣሪያዋ ላይ ከታሰሩት ሁለት ሞንታርቦዎች ለስላሳና ጥርት ያለ የሴት ድምፅ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ግቢው ገባ።

«ወገኖቼ፣ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሳትሸፍኑ ከቤት አትውጡ። ሰብሰብ ብላችሁ አትቀመጡ። የምትወዱትን ሰው ጠብቁ።»

የሹፌሩ ሚስት ድምፅ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወራት አልፈዋል።

ቀኑ እሑድ ነው። በግቢው ውስጥ የምሳ ግብዣ አለ፤ ኃላፊው ልጁን አስመርቋል። ሙዚቃው፣ የሳህኑ ኳኳታ፣ የብዙ ሰው ሳቅ እስከ መንገዱ ይሰማል። ለሠርግም ሆነ ለምርቃት ሰው እንዳይሰበሰብ የሚከለክለውን መመሪያ የፈረመው ደግሞ ይኸው የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው።

የሹፌሩ ሚስት ባሏ በሚሠራበት በዚያው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ስልክ ስታነሳ ደዋዩ የደወለበትን ጉዳይ ይረሳል እየተባለ ይቀለድባት ነበር፤ ለማስታወቂያው የተመረጠችውም በዚሁ ድምፅዋ ነው። የመቅረጫው ክፍል ጠባብ፣ መስኮቱም በስፖንጅ የተደፈነ ነበር። ኃላፊው ቀረጻውን ራሴ ካልመራሁ ብሎ አብሯት ገባ። ማስኩ እንደ ልማዱ ከአንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። ሠራተኞቹ በሌለበት «ባለጉትቻው» የሚሉትም ለዚህ ነው። እየደጋገመ ያስለዋል፤ «ብርድ ነው» ይላል። ጥቂት እንዳነበበች አስቆማትና «ድምፅሽ ታፈነ፤ አውልቂው» አላት።

ማታ ለባሏ ስትነግረው እየሳቀች ነበር። «ማስክ አድርጉ ለማለት ማስኬን አስወለቀኝ እኮ!»

ሳምንት ሳይሞላት ያ ድምፅ እንኳን ወገኖቼ ሊል፣ ውሃ ስጠኝ ለማለት አቃተው። ኃላፊው ቀብሯ ላይ አልተገኘም። «ለጥንቃቄ ሲባል» ብሎ ሰው ላከ።

ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ከጠዋት እስከ ማታ ይህንኑ ድምፅ ይዞ በየሰፈሩ ይዞራል። በክፋት የመደበው ሰው የለም። ይልቅስ የሚያንገበግበው ማንም ያላሰበበት መሆኑ ነው። ዓርብ ዕለት ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፍ ቆም እንኳ ሳይል፣ «ከሰኞ ጀምሮ በሌላ ድምፅ ይቀየራል። ይቺኛዋ ሰለቸች» አለው። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ወጣና መሪውን ጨብጦ ብዙ ተቀመጠ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

የግቢው ጥበቃ በሩን ገርበብ አድርጎ ብቅ አለ።

«ወንድሜ፣ መንገድ ተሳስተህ ነው? እዚህ እኮ ግብዣ አለ።»

«ግብዣ ስላለ ነው የመጣሁት።»

ጥበቃው አንዴ ወደ ግቢው፣ አንዴ ወደ ሞንታርቦዎቹ አየ። አገጩ ላይ የነበረችውን ማስክ ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ። «እንግዲያው እኔ አላየሁህም» አለና ተመልሶ ገባ።

ከውስጥ ሙዚቃው ከፍ አለ። ሹፌሩም የድምፁን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው አዞረው። የመኪናዋ መስታወት ተንቀጠቀጠ። በየቤቱ መስኮት ላይ ራሶች ብቅ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ሳቁ ቆመ፤ ቀጥሎ ሙዚቃው። ከዚያ እንግዶቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ ማስካቸውን ከየኪሳቸው እየፈለጉ፣ ወደ መኪናዋ ላለማየት አንገታቸውን ደፍተው ይወጡ ጀመር። አንዱ ሹም ሲሮጥ ጫማው ወለቀ። ሹፌሩ አንጀቱ ራስ ሲል ተሰማው፤ ግን ገና አልጠገበም።

በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ መጣ። ማስኩ በሁለቱም ጆሮዎቹ ላይ በወጉ ታስሯል።

«አንተ! አብደሃል እንዴ? አጥፋው!»

«መመሪያ ነው ጌታዬ። የእርስዎ ፊርማ አለበት።»

«ነገ ሥራ የለህም!»

«ነገ እሷም የለችም።»

«ማን?» አለ ኃላፊው።

ሹፌሩ ቀና ብሎ አየው። ለማሾፍ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። ለወራት በሐሳቡ ሲሰነዝረው የኖረው ጥፊ ከዚህች ቃል ጋር ሲተያይ ቀለለበት። በጣቱ ወደ ሞንታርቦዎቹ አመለከተ።

ኃላፊው አዳመጠ። «የምትወዱትን ሰው ጠብቁ» ሲል ድምፁ፣ ከማስኩ በላይ ያሉት ዓይኖቹ ቀስ ብለው ተለወጡ። ከኋላው፣ በሩ ላይ፣ የምረቃ ጋውኗን ያላወለቀች ልጁ ቆማለች።

«አባዬ፣ ማናት?»

ሰውየው ወደ መኪናዋ መስኮት ተጠጋና ወደ ሹፌሩ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ወንድሜ፣ እግዜር ያውቃል፣ ብርድ መስሎኝ ነው። በልጄ ይዤሃለሁ፣ ፊቷ አታዋርደኝ። የፈለግከውን ጠይቀኝ።»

ሹፌሩ እጁን ሰዶ ድምፁን አጠፋው። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ጭር አለ። ኃላፊው ትከሻው ወረደ፤ «ተባረክ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሹፌሩ ማይኩን ከመንጠቆው አንሥቶ በመስኮቱ ዘረጋለት።

«እንካ» አለው። እርስዎ ማለቱ ቀርቷል። «ሚስቴን ያን ቀን ያልካትን ለልጅህ ንገራት። ጎረቤትህም ይስማ።»

«እምቢ ካልኩስ?»

«እሷ ትቀጥላለች። አንተ እስክትተኛ፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። የሚቀርብኝ ነገር የለም።»

ኃላፊው ወደ ልጁ ዞረ። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። ወደየመስኮቱ አየ፤ ራሱን ወደ ውስጥ የመለሰ የለም። ማይኩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ቁልፉን ሲጫነው ከቃል በፊት ትንፋሹ መጣ። አጭር፣ የሚቆራረጥ፣ በሁለቱ ሞንታርቦዎች ገዝፎ በጣሪያዎቹ ላይ አለፈ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ዝግ የነበረውን መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፈተች። ሹፌሩ እጆቹን መሪው ላይ አሳርፎ ጠበቀ።