ሞረድ የነካው ነሐስ

ልጆቼ፣ ነሐስ ሲሞረድ የሚያሰማውን ድምፅ ከሠላሳ እርምጃ አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሞርጄዋለሁና። ያን ቀን በዴንፓሳር ከተማ፣ ከሙዚቃ መቅጃው ስቱዲዮ ደጅ ተቀምጬ ሩዜን ስበላ ያንን ድምፅ ስሰማ ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

«ገጄር፣ ማነው የሚሞርደው?» አልኩት ጓደኛዬን።

«አንተ እዚህ ነህ፤ ሌላ ሞራጅ አላመጣንም» አለና ሩዙን የሚበላበትን የሙዝ ቅጠል ጥሎ ቀድሞኝ ሮጠ። በሰባ ዓመቱ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ የልጅ ልጅ ዳርሳና ጊታር ይጫወታል። የሙዚቃ ባንዱ በሮክ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ጃዝ ይሆናል፣ ምቱን አንዴ በሰባት አንዴ በአሥራ አንድ ይቆጥራል። ሳክስፎኑ አልቅሶ ሲደክም የእኛ ነሐስ ይገባል። መጀመሪያ ስሰማው ሦስት ሠርግ ባንድ ግቢ የተደገሰ መሰለኝ። ውዬ አድሬ ግን ወደድኩት። ስለዚህ የሰፈሩን የሙዚቃ ማኅበር ለምኜ ሁለት ጋንግሳ አስወጣሁለት። በማግስቱ የቤተ መቅደሳችን በዓል ስለነበር «እንደነበሩ ይመለሳሉ» ብዬ ቃል ሰጠሁ።

ጋንግሳ አሥር የነሐስ ሰሌዳ የተንጠለጠለበት የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ በመዶሻ ይመታል። ሁልጊዜም ጥንድ ነው። የአንደኛው ድምፅ ከሌላው በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ሆን ተብሎ ነው። አንድ ላይ ሲመቱ ድምፁ ይርገበገባል፣ ነሐሱ ይተነፍሳል እንላለን። እኩል ከሆኑ ይሞታል። ይህን በሰፈራችን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ዳርሳናም ያውቃል፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ስገባ ዳርሳና ድምፁ ከፍ ከሚለው ጋንግሳ ትንሿን ሰሌዳ ፈትቶ በጭኑ ላይ ደፍቷታል፤ ሞረዱ በእጁ ነው። ከጃካርታ የመጣው ድምፅ ቀጂ፣ ሙልያዲ፣ የድምፅን ልክ የምታሳይ መርፌ ያላት ሣጥን ይዞ ቆሟል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ፔካክ...» አለ ቀና ሳይል። አያቴ ማለቱ ነው። «ይቺን አንዷን ብቻ...»

«አንዷማ ምን ታደርጋለች፣ ፓክ ሩንዱ» አለኝ ሙልያዲ በትሕትና፤ ፓክ ማለት አባት ሆይ እንደማለት ነው። «ሁለቱ አይገጥሙም። አሥሩንም እኩል ማድረግ አለብን። እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ቀድቼ ብሄድ ጃካርታ ይስቁብኛል።»

«አንተና ሚስትህ ድምፃችሁ አንድ ነው እንዴ?» አለ ገጄር። «ሂድ፣ እሷንም ሞርዳት!»



ሰሌዳዋን መልሼ አንጠለጠልኩ። ገጄር በሌላው ጋንግሳ ላይ ያለችውን ጥንዷን መታ፣ እኔም ይቺን መታሁ።

«ሞታለች» አለ ገጄር ቀስ ብሎ።

እንግዲህ መሃሏ ከተሞረደ ድምፅዋ ይወርዳል፤ ጫፏ ከተሞረደ ይወጣል። ዳርሳና መሃሏን በልቶታል። ጫፏን ሞርጄ ልመልሳት እችላለሁ፤ ከልኳ ካሳለፍኳት ግን ዳግም መሃሏን መንካት የለም። ቀጭን ናት፣ አትችለውም።

«ዳርሳና፣ የቀሩትን ዘጠኙን ጀምር» አለ ሙልያዲ ሰዓቱን እያየ። «ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ አውሮፕላኔ ነኝ። ካልሆነ ይህ ዘፈን ካሴቱ ላይ አይገባም።»

ዳርሳና ሁለት ዓመት የለፋበት ዘፈን ነው። ሞረዱን በጣቶቹ መካከል ያገላብጥ ጀመር።

ሞረዱን ከእጁ ወስጄ ጫፏን ሁለቴ ነካሁ። ከጥንዷ ጋር መታኋት። ልጆቼ፣ ለሰው ያልነገርኩት ነገር ነበር። የትንሿ ሰሌዳ እርግብግቢት ከጆሮዬ ከጠፋ ቆይቷል። ቅጭል ማለቷን እሰማለሁ፣ እስትንፋሷን አልሰማም። ገጄር ሞታለች ሲል አምኜው ነው እንጂ አላወቅኩም። ሞረዱን ዘረጋሁለት።

«ዳርሳና፣ ና ያዝ።»

«እኔ? ኧረ ፔካክ፣ እኔ አበላሽቻት?»

«አልሰማትም» አልኩ። «ትልልቆቹን እሰማለሁ። ይቺን አልሰማትም።»

ገጄር መዶሻውን አንሥቶ ወደ ጥንዷ ተጠጋ።

«ዘጠኙን ትሞርዳለህ ወይስ አትሞርድም?» አለ ሙልያዲ።

ዳርሳና ሞረዱን ተቀበለኝ። አጠገቤ ተቀመጠና ሰሌዳዋን ገለበጣት። ሙልያዲ ትንሽ ጠበቀው፤ ከዚያ ገመዶቹን መጠቅለል ጀመረ።

አንዴ ሞረደ። ገጄር መታ፣ እሱም መታ። «ነቃች፣ ግን ዘገምተኛ ናት» አለኝ ዳርሳና።

«እንዴት ዘገምተኛ? አሳየኝ።»

የእርግብግቢቱን ፍጥነት በጣቱ ጉልበቴ ላይ መታልኝ። የሰፈራችን እርግብግቢት ከዚያ በእጥፍ ይፈጥናል። «ጨምር።»

ጨመረ። ከደጅ የመኪና ሞተር ተነሣ። የባንዱ ከበሮ መቺ በሩ ላይ ቆሞ «ዳርሳና፣ ሰውዬው እየሄደ ነው! ለምነው እንጂ!» ብሎ ጮኸ። የዳርሳና ጆሮ ግንድ በላብ ራሰ። አልተነሣም።

ጉልበቴ ላይ መታልኝ። ቀርባለች።

«እንደ ላባ አድርገህ አንዴ» አልኩት።

«ብታልፍብኝስ?»

«ካለፈች አለፈች። አንዴ።»

ሞረዱ ነሐሱን ሲልሰው ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። መኪናው ከግቢ ወጣ። ገጄር መታ፣ ዳርሳናም መታ፤ ጣቱ ጉልበቴ ላይ ፈጠነ፣ ልክ በሚገባት መጠን።

«በቃ» አልኩ። «እንዳትነካት።»

ያኔ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ጥሎ አለቀሰ። ለሰሌዳዋ ይሁን ለዘፈኑ አልጠየቅሁትም።

ጋንግሳዎቹን ጭነን ስንመለስ «ፔካክ፣ ለማኅበሩ ሰዎች እርስዎ ምን ይሏቸዋል?» አለኝ።

«የምትነግራቸው አንተ ነህ።»

«ያባርሩኛል።»

«ያባርሩህ ይሆናል። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ትንንሾቹን መሞረድ እንደማልችል እነግራቸዋለሁ።»

«እኔስ ምን ልናዘዝ?» አለ ገጄር። «በሉ እንጂ፣ ንጹሕ ሰው ሆኜ ልቅር?»