የአንድ ሥር አጃ

አባቴ አባ ይርጋ ጋብቻ በማስቀረት የታወቁ ናቸው። በእኛ ቀበሌ፣ ላይ ጋይንት፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ሰባት ቤት ቆጥረው «እነዚህማ ዘመዳሞች ናቸው» ካሉ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ስንቱን እንዳስለቀሱ አውቃለሁ። አንዷ እኔ ነኝ።

ያን ክረምት ግን ሐሳባቸው ሁሉ የወንድሜ ሚስት ተዋበች ነበረች። ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት ሦስተኛውን ይዛለች። በእኛ ቤት ነፍሰ ጡር የአጃ ገንፎ ካልበላች ፅንሱ አይጠናም ይባላል። አጃው ደግሞ፣ ያ ዛላው ስንዴ የሚመስለው፣ ውርጭ የሚችለው ረጅሙ እህል፣ ከአካባቢው ጠፍቷል። አባቴ ከጎታው ሥር ጠርገው ያገኙትን ጥቂት ፍሬ ዘሩ፤ ነቀዝ በልቶት ኖሮ የበቀለው አንድ ብቻ ሆነ። እሳቸው ግን ምን ገዷቸው፤ ሥሩን እንደ ጓሳ ሣር ከፋፍለው ተከሉት፣ ሲያቆጠቁጥ ደግመው ከፋፈሉት። በነሐሴ ጓሮው ሞላ።

እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ የእርሻ ባለሙያ ነኝ። በመስከረም ልጠይቃቸው ስመጣ አጃው አብቦ ብናኙ በነፋስ ይጨሳል። ያምራል፤ ልቤ ግን ፈራ። ጓሮ ሙሉ ቢመስልም ያለው አንድ ተክል ነው። አጃ ደግሞ የራሱን ብናኝ ያውቀዋል፤ በውስጡ ሁለት መለያ አለ፣ የብናኙ ሁለቱም ከአበባው ጋር አንድ ከሆኑ አበባው አይቀበለውም። ባዕድ እስኪመጣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ እስከዚያው በሽታም ሊገባበት ይችላል። ይህን ሁሉ ለአባቴ አስረዳኋቸው። ስማዳ ውስጥ ባዩ የሚባል ገበሬ ሌላ አጃ ስላለው ያበበ ዛላ እናስመጣ ብዬ ለመንኋቸው።

«ቤት የሚቆጠረው ለሰው ነው» አሉኝ። «ሣር ምን ሥጋ አለው?»

ተናደድሁ። ለእኔ ሲሆን እስከ ሰባት የቆጠሩ ሰውዬ ለአጃው እስከ ሁለት መቁጠር አቃታቸው። ራሴ ስማዳ ደርሼ ባመጣው የሁለት ቀን መንገድ ነበር፤ እልህ ያዘኝና ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኸ ነው።

በኅዳር ወንድሜ ደውሎ አጃው ፍሬ ይዞ ታጨደ አለኝ። አላመንሁም፤ በማግስቱ አውቶቡስ ያዝሁ። ስደርስ እውነትም ታጭዷል። ገለባው ሁሉ ባዶ ነው። አባቴ በኩራት እፍኛቸውን ዘረጉልኝ፤ በውስጡ ጥቁር፣ ቆልመም ያለ፣ እንደ አውራ ዶሮ ጥፍር የረዘመ ነገር አለ።

«ጥቁር ገብስ ገብቶበት ነው» አሉ። «ባዕድ ካልመጣ አላልሽም? ይኸው መጣለት።»

አበባው አስቀድሞ ማር የመሰለ ነገር ያልበው እንደነበር፣ ዝንብ እንደወረረው፣ እሳቸውም እንደ በረከት እንደቆጠሩት አወሩልኝ። በእኛ አገር ጥቁር ገብስ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጥቁር ጥቁሩን አንድ በአንድ ለቅመው ለተዋበች አስቀመጡላት።

ፍሬ አልነበረም። ተከፍቶ በቆየው አበባ የገባ ሻጋታ ነው፤ በፍሬው ቦታ ይበቅላል፣ የደም ሥር ያጠብባል፣ ማሕፀን ያኮማትራል። የቀረው የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። ተፈጭቷል አሉኝ፤ አራት ቀን በልታለች፣ እስክትወልድ የሚበቃ ዱቄትም አለ።

ተዋበች ምድጃው አጠገብ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። የእግሯን ጣቶች ነካኋቸው። እሳት ዳር ሆነው በረዶ ናቸው። ወንድሜን ቃሬዛ የሚይዙ ጎረቤቶች እንዲጠራ ላክሁት፤ አባቴ ምን ሆነሻል እያሉ ከኋላዬ ቆመዋል። ፈራሁ፤ ቢሆንም ጠየቅኋት፤ ልጁ ይንቀሳቀሳል ወይ?

«ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል» አለችኝ። «አባባ ጠግቦ ነው ብለውኛል። ጠግቦ ነው አይደል፣ አዜብ?»