ሃምሳ ጥይት

ዘጠነኛው ጥይት ላይ ሽጉጧ ቀጥ አለች። ባዶው ቀለህ መውጫው ላይ ተሰንቅሮ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ቀረ። ጠባቂዋ ጣቷን ከቃታው አነሳች፤ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታዞር እንደተማረችው ዝም ብላ ቆመች።

"ነከሰች፣ ጋሼ።"

የጥበቃ ድርጅቱ መሣሪያ ጠጋኝ ቀረብ ብሎ ተቀበላት። ኪሱ ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ ሁሉም ሰው ጋሽ ብሎን ይለዋል። ካዝናውን አወጣ፤ ቀለሁንም ፈልቅቆ ጣለው። ሽጉጧ መዳፍ አትሞላም፤ የፋብሪካ ቅባቷ እንኳ ገና አልተጠረገም። ድርጅቱ አሮጌዎቹን በሙሉ በእንደዚህ ዓይነቷ ሊተካ ነው።

"የእኔ እጅ ይሆን?" አለች ጠባቂዋ።

"የእጅ አንጓ ሲላላ ትነክሳለች። ያንቺ ግን አልላላም፤ እያየሁሽ ነበር። እስቲ ደግሞ እኔ ልሞክራት።"

ሦስቱ በደህና ወጡ። አራተኛው ላይ በእሱም እጅ ነከሰች።

"አዲስ ጫማም እስኪላመድ እግር ይመታል" አለ ቅባት እያጠጣት። "ስፕሪንጓ ደረቅ ነው። ሁለት መቶ ስትተኩስ ትፍታታለች። ከዚያ በኋላ ሌላ መቶ ሳትነክስ ከተኮሰች፣ ያኔ ነው የምትታመነው።"

"የሰጡን ስንት ነው?"

"ሃምሳ።"

ስልኩ ጮኸ። ኃላፊው ነበር፤ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ለእሷም ይሰማ ነበር።

"አለቀ ወይ ጋሽ ብሎን? ነገ ጠዋት ልጅቷ ትታጠቃታለች እኮ!"

"ሁለቴ ነክሳለች።"

"የሴት እጅ ነዋ!"

"በእኔም እጅ ነክሳለች።"

"እባክዎ አያካብዱ። ሽጉጧ ብቁ ናት ብለው ይፈርሙ። ያለፉትንስ ሲፈርሙ አልነበር?"

ጋሽ ብሎን ስልኩን ዘግቶ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ስለ ቀድሞዎቹ ፊርማዎች የተባለውን ጠባቂዋም ሰምታለች። ከሰባት ወር በፊት ታላቅ ወንድሟ በሚጠብቀው መጋዘን በር ላይ በዘራፊዎች ተገድሏል። ከድርጅቱ የመጣው ደብዳቤ "የታጠቀውን መሣሪያ በወቅቱ ባለመጠቀሙ" ይላል። ሠፈርተኛው ይህን በራሱ ቋንቋ ተረጎመው፤ ደንግጦ ነው፣ እጁ ታስሮ ነው ተባለ። እናቷ ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት አትቆምም። እሷም ቤቱ ጦም እንዳያድር ብላ የወንድሟን ዩኒፎርም አሳጥራ ለበሰች።

"የወንድሜን ሽጉጥ የፈተሹት እርስዎ ነበሩ?"

"እኔ ነኝ።"

"ስንት ተኩሰው?"

"አስር። አስሩም ወጡ፤ ፈረምኩ።" አንገቱን ደፋ። "ከሞተ በኋላ ሽጉጡ ወደ እኔ ነው የመጣው። ጥይቱ መግቢያው ላይ ተሰንቅሮ ነበር። ሊያላቅቀው ታግሏል ልጄ፤ ብረቱ ላይ የጣቱ ደም ነበር። ወንድምሽ አልደነገጠም። እሱ ቃታውን ስቧል፤ ከዳተኛው መሣሪያው ነው።"

ልጅቷ ፊቷን ወደ ዒላማው መለሰች።

"ሰባት ወር" አለች። "ሰባት ወር ሙሉ እናቴ አንገቷን ደፍታ ስትሄድ…"

"አውቃለሁ።"

"አያውቁም!" ጩኸቷ ከግድግዳው ተመልሶ መጣ። "ቢያውቁማ አንድ ቃል ይተነፍሱ ነበር!"

"ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ፈራሁ። ፈሪው እኔ ነኝ።"

እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ትሄዳለች ብሎ ሲጠብቅ እጇን ዘረጋች።

"ካዝናውን ይሙሉልኝ። የቀረውን እንጨርሰው።"

ሠላሳ ሰባቱን ተራ በተራ ተኮሰች። ሽጉጧ ሁለት ጊዜ ደግሞ ነከሰች፤ ሁለተኛው የመጨረሻው ጥይት ላይ ነበር። የባሩዱ ሽታ ሲሳሳ ጋሽ ብሎን ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፦ "በሃምሳ ጥይት አራት ጊዜ ነክሳለች። ለሰው ሕይወት አትታመንም።" ፈረመ። ሌላ ወረቀት አወጣና የወንድሟን ሽጉጥ ጥይት ተሰንቅሮበት እንዳገኘው ከነቀኑ ጽፎ ፈረመ። ወረቀቱን ለእሷ ሰጣት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ መለሰችለት።

"እኔ አልወስደውም።"

"ለምን ልጄ?"

"እናቴ ቤት ናት። እዚያው ይዘውት ይምጡ። ይቅርታ ምናምን አይበሏት፤ የሆነውን ብቻ ይንገሯት።"

"ብታባርረኝስ?"

"በሩ ላይ ቆመው ይንገሯታ።"

ጋሽ ብሎን ሽጉጧን ሣጥን ውስጥ ቆለፈ፤ ቁልፉን ለበረኛው ሰጠ። ስልኩ እንደገና ጮኸ። አላነሳውም። ወረቀቱን በደረት ኪሱ ከትቶ ከልጅቷ ኋላ ኋላ ሄደ።